«ንባብ አልወድም፤ ግን መጨረሻው ምን ይሆናል?»

[የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል]

 

ባለፈው ሳምንት በስልክ አንዲት አጭር መልእክት ደረሰችን። የላከችልን የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የወላጆቿ ቤት ከምትማርበት ከተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ይርቃል። «እኔ ንባብ ብዙም አልወድም» ብላ ትጀምራለች። ከዚያ እንዲህ ትላለች፦ «ፍቅር እስከ መቃብር እጄ ገብቷል። የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች ግን አይጥ በልቷቸዋል። ሰብለ ከቤቷ ወጥታ መንገድ ጀምራለች። ከዚያ በኋላ ምን ሆነች? ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።»

መልእክቷን ደጋግሜ አየኋት። ፍቅር እስከ መቃብር ከ500 ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ ነው። አይጥ እስከ ደረሰበት ድረስ የሄደች ልጅ ቢያንስ 400 ገጽ አንብባለች ማለት ነው። ይህች ልጅ ታዲያ «ንባብ አልወድም» የምትለው ምን ይዛ ነው?

እኔ ወደ ሬዲዮ ከመምጣቴ በፊት በገጠር ትምህርት ቤቶች አማርኛ አስተምር ነበር። በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲስ ክፍል ስገባ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበረኝ፦ «በክረምቱ ምን አነበባችሁ?» መልሱ ዓመት አልፎ ዓመት ቢተካ አይለወጥም። «ባዮሎጂ!» ይላል አንዱ። «የዘንድሮውን ሂሳብ ቀድሜ!» ይላል ሌላው፣ መምህር ደስ እንዲለው። ከኋላ ወንበር ያሉት አንገታቸውን ይደፋሉ። አንድ ዓመት ጥያቄውን ለወጥኩት። «ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታችሁ የምታዩት ምንድን ነው?» አልኳቸው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሲበርድ ዝርዝሩ ይጎርፍ ጀመር፤ የፍቅር ታሪክ፣ የወንጀል ታሪክ፣ ገድልና ተአምር፣ ሃይማኖታዊ ጥያቄና መልስ፣ «እንዴት ሀብታም መሆን ይቻላል» የሚሉ መጻሕፍት፣ የእግር ኳስ ዜና፣ በቴሌግራም በየማታው ክፍል 14፣ ክፍል 15 እያለ የሚለቀቅ ልብ ወለድ። አንዲት ልጅ ደግሞ አያቷ የሚያወሩላትን ተረት በደብተር እየጻፈች መልሳ ታነባለች። ይህን ሁሉ የሚያነቡት ልጆች ከአምስት ደቂቃ በፊት «ምንም አላነበብንም» ያሉኝ ናቸው።

ነገሩ ከቃሉ ይጀምራል። በተማሪ አማርኛ «ማንበብ» ማለት ለፈተና ማጥናት ሆኗል። «አንብበሃል?» ሲባል «ለነገው ተዘጋጅተሃል?» ማለት ነው። «ላይብረሪ ነበርኩ» የሚል ተማሪም ብዙ ጊዜ ደብተሩን ይዞ ገብቶ ደብተሩን ይዞ ወጥቷል እንጂ መደርደሪያው ላይ ያለውን ዞር ብሎ አላየም። ወላጅም እንዲሁ ነው። አባት ልጁ አቀርቅሮ ሲያነብ ካገኘው የመጀመሪያ ጥያቄው «የትምህርት ነው?» የሚል ነው። «አይ፣ ልብ ወለድ ነው» ከተባለ በሬው ውኃ ያልጠጣ መሆኑ ድንገት ትዝ ይለዋል።

አባትየውን ለመውቀስ አይደለም። ልጁን ከተማ አስቀምጦ የሚያስተምር ገበሬ ምን እንደሚከፍል አውቃለሁ። ሦስት አራት ልጆች ተጋርተው ለሚከራዩት አንድ ክፍል የወር ድርሻ አለ። በየሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ ተመላልሶ የሚወሰድ ስንቅ አለ፤ በሶው፣ ድርቆሹ፣ ዳቦው። ያ ሁሉ የወጣበት ልጅ ፈተና እንዲያልፍ መፈለግ ነውር አይደለም። ፈተናውም ቀላል አልነበረም። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3ቱ ብቻ ነበሩ። ያንን ቁጥር የሰማ አባት «ልብ ወለዱን ተውና መጽሐፍህን አንብብ» ቢል አይፈረድበትም። የምከራከረው ከመድኃኒቱ ጋር ነው። የገጠሩ ልጅ ፈተና ላይ የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት ልብ ወለድ ስላበዛ ሳይሆን፣ ረጅም ነገር ሳይደናቀፍ የማንበብ ልምድ ሳይኖረው 9ኛ ክፍል መድረሱ ነው።

እስቲ ወደ ኋላ ልመለስ። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የታችኛ ክፍል ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲያነቡ ተደርጎ ተፈትነው ነበር። ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚያ ልጆች አድገው ብዙዎቹ ዛሬ ከሃያ ዓመት አልፈዋል፤ ታናናሾቻቸው ናቸው አሁን በየትምህርት ቤቱ ያሉት። ልጁ በብዙ ድካም ፊደል ለይቶ፣ ቃል አገጣጥሞ፣ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ንባቡ መፍሰስ ሲጀምር ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። አማርኛ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ብቻ ያላት አንድ ትምህርት ትሆናለች። ልጁ ገና የጣመውን ንባብ ትቶ ባልለመደው ቋንቋ እንደገና ፊደል ቆጣሪ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ለደስታ የሚያነበው ነገር ሁሉ ከትምህርት ቤት ውጭ፣ በድብቅ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

ገጠር ውስጥ ንባብ አዲስ ነገር አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤትን ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ልጁ መጀመሪያ ፊደል ይቆጥራል። ቀጥሎ የሐዋርያው ዮሐንስን መልእክት፣ ከዚያ ወንጌሉን፣ በመጨረሻም ዳዊትን በየንባብ ስልቱ ይዘልቃል። ዳዊት የደገመ ልጅ በመንደሩ «አነበበ» ይባላል። በቁርአን ቤትም ሉሕ ይዘው የሚቀመጡት ልጆች እንዲሁ ናቸው። ልብ በሉ፣ በሁለቱም ቦታ ንባብ ማለት ድምፅ ነው። ብቻውን ዝም ብሎ የሚያነብ ልጅ የኔታ ዘንድ «ተኛህ ወይ?» ይባላል። ንባብ የሚሰማ ነገር ነው፣ ሌላ ሰው የሚያርመው፣ ሌላ ሰው የሚካፈለው።

ይህ ልማድ ዛሬም አልጠፋም። በገጠር ቤት ውስጥ የ8ኛ ክፍል ልጅ የቤተሰቡ አንባቢ ነው። የማዳበሪያው ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነበው እሱ ነው። ከጤና ጣቢያ የመጣው መድኃኒት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ የምትነግረው እሷ ናት። የቀበሌ ማስታወቂያ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ ዓረብ አገር ያለችው እህት የላከችው መልእክት፣ ሁሉም በዚያ ልጅ አፍ ያልፋል። አንዳንዴም የአዋቂ ምስጢር በልጅ አፍ ያልፋል፤ አንድ ተማሪዬ የአባቱን የዕዳ ደብዳቤ ራሱ ለአባቱ ማንበብ ነበረበት። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ምን ይመስል እንደነበር አይቻለሁ። ይህ ልጅ ስለ ንባብ ባህሉ ሲጠየቅ «የለኝም» ይላል።

ወላጆቹ ራሳቸው አንድ ጊዜ ፊደል ለይተው ሊሆን ይችላል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በቁጥር ቀላል አልነበረም። በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፣ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል። ታላላቆቻችን በኩራዝ ብርሃን፣ ከልጆቻቸው እኩዮች ፊት ተቀምጠው ሀ ሁ ብለዋል። የምስክር ወረቀቱን ዛሬም በሳጥን ያስቀመጡ እናቶችን አውቃለሁ። አንዷን «ያንብቡልኝ እስቲ» ብላቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ያነበብኩት እኮ ያንን አንድ መጽሐፍ ነው፤ እሱ አለቀ» አሉኝ። ፊደሉ መጣ፣ ተከትሎ የሚነበብ አልመጣም። እንደ ተዘራ ማሳ ነው፤ ዝናቡ ሲቀር ያው ይደርቃል።

ታዲያ ወጣቶቹ የሚወዱት ምንድን ነው? እንዳየሁት ሦስት ነገር ነው፣ ግን እኩል አይደሉም።

አንደኛውና ትልቁ ፍቅር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅና ብዙ መምህር ፊቱን ያጠቁራል። በተለይ ልጅቷ የፍቅር መጽሐፍ ይዛ ከታየች «ጀመራት» ይባላል። ስለዚህ ሽፋኑን በጋዜጣ ትለብጠዋለች፣ ወይም የፊዚክስ ደብተር ውስጥ ትደብቀዋለች። እኔ ራሴ አንዴ ደብተር ውስጥ ያገኘሁትን መጽሐፍ ወርሼ፣ ማታ ቤቴ ወስጄ ጨርሼ በማግስቱ መልሻለሁ። ይቅር በሉኝ፣ ጥሩ ነበር። ወንዶቹ ደግሞ አይደብቁም፤ «የወንጀል ነው» ይላሉ። ገልጣችሁ ስታዩት ግማሹ ፍቅር ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ትዝ ይሉኛል። ያልተማሩ የከብት ነጋዴ ልጅ ናቸው፣ ያደጉትም በነገሌ ቦረና ነው። ከትምህርት መጽሐፍ ውጭ የሆነ መጽሐፍ መጀመሪያ እጃቸው የገባው 19 ዓመታቸው ላይ ነበር። ያ መጽሐፍ ታዲያ የፍልስፍና መጽሐፍ አልነበረም፤ የታሪክ ጥራዝም አልነበረም። ተራ የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። ኋላ ተሰደው ሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆኑ። አገር ቤት ተመልሰው ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሐዋሳ ላይ መጻሕፍት የጫነ በአህያ የሚጎተት ጋሪ ወደ ልጆች መንደር አወጡ። የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ ሰው «ይህ የማይረባ ነው» ብሎ ሊቀማቸው ይችል የነበረ መጽሐፍ ነው።

የእኛው ፍቅር እስከ መቃብርስ ቢሆን? ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ትውልድ ሁሉ የሚያነበው የሀዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ውስጥ በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ለምን ነበር? የፊታውራሪውን ልጅ ሰብለን ንባብ ሊያስተምር አይደለም እንዴ? የፊታውራሪው ስጋት ምን ላይ እንደወደቀ ያነበባችሁ ታውቃላችሁ። ደራሲው የጎጃም ልጅ ናቸው፤ የገጠር ቤት ውስጥ ልጅ ስታነብ ምን እንደሚፈራ አሳምረው ያውቃሉ።

ሁለተኛው ምስጢር ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸው የስለላ ታሪኮች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ሽፋናቸው ይረግፍ ነበር። እኔ ሳስተምር ደግሞ ዘመኑ የይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳ ነበር። የጣናን ገዳማት ከሕዋ ሳይንስ ጋር ያጋጠመ መጽሐፍ ነው። ሃያሲዎች የሚሉትን ይበሉ፤ እኔ ግን ከጣና ዳር የመጣ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ «መምህር፣ የእኛ አገር እኮ ነው የተጻፈው!» ሲል ዓይኑን አይቻለሁ። የገጠር ልጅ ስለ ሌላ አገር ብቻ ማንበብ ይሰለቸዋል። የራሱ ሐይቅ፣ የራሱ ገዳም፣ የራሱ ዳገት በመጽሐፍ ውስጥ ሲመጣ ልቡ ይነሳል።

ሦስተኛው ሃይማኖትና «ራስን መለወጥ» የሚባለው ነው። ስለዚህ ብዙ አልናገርም። ገበያው ራሱ ያሳያል፤ በቅዳሜ ገበያ ከላስቲክ ጫማና ከመስታወት ጋር መሬት ላይ ተዘርግተው የሚሸጡት ትንንሽ መጻሕፍት ብዙዎቹ እነሱ ናቸው።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ፣ ምክንያቱም «ልጆቻችንን ያጠፋው ስልክ ነው» የሚል ደብዳቤ በየሳምንቱ ይደርሰናል። በከፊል እስማማለሁ። ስልኩ ብዙ ጊዜ ይበላል፣ የሚያስተላልፈውም ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ነገር ግን በቴሌግራም ልብ ወለድ የምትከታተል ልጅ በየማታው ምን እንደምታደርግ አስተውሉ። ክፍሉን ታነባለች። ጸሐፊው ልብ ሰቅሎ ያቆማል። ታች ላይ «ይቀጥላል» ይላል። በማግስቱ ከጓደኞቿ ጋር ውኃ ስትቀዳ «ትገድለዋለች፣ አትገድለውም» ብለው ይከራከራሉ። ይህ አያቶቻችን ተረቱን መሐል ላይ አቁመው «ቀሪው ነገ ማታ» ሲሉን ከነበረው በምን ይለያል? ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርከው ሰው ሰዓቱን ጠብቆ የሚሰበሰበውስ ለዚያው አልነበረም? እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፤ ሙሉ መጽሐፍ ያለ ደራሲው ፈቃድ ፎቶ ተነስቶ በነጻ ሲሰራጭ። ደራሲው ምን ይበላል? ልጆቹን ስጠይቃቸው ይህን ጭራሽ አስበውት አያውቁም። «መጽሐፉ እዚህ ገበያ ቢኖር እኮ እንገዛ ነበር» አለኝ አንዱ። መልስ አልነበረኝም።

መጽሐፉ ለምን የለም? አንዳንድ ቦታ እኮ አለ። በአንድ ትምህርት ቤት፣ የቱ እንደሆነ ይቅር፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ባለመስታወት ቁም ሳጥን ነበር። በውስጡ ልብ ወለዶች ተደርድረዋል። ቁልፉ ያለው ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ዘንድ ነው። መጽሐፍ ከጠፋ ከደመወዛቸው ይቆረጣል፤ ስለዚህ እሳቸው እጅግ ጥሩው መጽሐፍ ያልተነካ መጽሐፍ ነው ብለው ያምናሉ። ልጆቹ በመስታወቱ አርዕስቱን ያነባሉ። ከቁም ሳጥኑ ውጭ ባሉት ክፍት መደርደሪያዎች ላይ ደግሞ ከባሕር ማዶ በርዳታ የመጡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ነበሩ። ስለ በረዶ መንሸራተት የሚያወራ መጽሐፍ በግራ በኩል ሦስት ቅጂ ነበረው። ሰጪውን አላማም፤ ልቡ ንጹሕ ነው። ግን ያ መጽሐፍ የተከፈተበትን ቀን አላየሁም። በአንጻሩ እንደ ኮድ ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶች በገጠር ከተሞች የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍት እንዲቋቋሙ ሲያግዙ፣ በአገር ቋንቋዎች የተጻፉ መጻሕፍትም ሲያሳትሙ ቆይተዋል። እነዚያ መጻሕፍት ጠርዛቸው ቆሽሾ፣ ቅጠላቸው ተጣጥፎ ታገኙአቸዋላችሁ። የቆሸሸ መጽሐፍ ለእኔ ጥሩ ምልክት ነው።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ብዙ የወረዳ ቤተ መጻሕፍት የሚከፈተው በመንግሥት የሥራ ሰዓት ነው፤ ጠዋት 2:30 ይከፈታል፣ 11:30 ይዘጋል፣ ቅዳሜና እሑድ የለም። የገጠር ልጅ ወደ ከተማ የሚመጣው መቼ ነው? ቅዳሜ፣ ገበያ ቀን! አባቱ ጤፉን ሸጦ እስኪጨርስ፣ እናቱ ጨውና በርበሬዋን እስክትገዛ ልጁ ሁለት ሦስት ሰዓት እንዲሁ ይቆማል። በሩ ግን ተቆልፏል። ወቅቱም እንደዚያው ነው። በጥቅምትና በኅዳር አጨዳ ነው፤ በሐምሌ አረም ነው። እጅ የሚፈታው ከጥር በኋላ ነው፣ ሠርጉን ካለፉ። አዲስ መጽሐፍ ሊመጣ ከሆነ ያኔ ይምጣ። ይህን ለመወሰን ባጀት አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ቀን ተዘግቶ ቅዳሜ ቢከፈት በቂ ነው። የወረዳ የትምህርትና የባህል ኃላፊዎች የምትሰሙን ከሆነ እባካችሁ ቀኑን ቀያይሩት።

መምህራን ለሆናችሁ ደግሞ አንድ የሠራልኝን ነገር ልንገራችሁ። አርብ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ለንባብ ሰጠሁት። ልጆቹ የሚፈልጉትን ያመጣሉ፤ እኔ አልመርጥም፣ ነጥብ አልሰጥም። በአራት ቡድን ተከፍለው በየቡድኑ አንድ መጽሐፍ በተራ ጮክ ብሎ ይነበባል። አራት መጽሐፍ ለአርባ ልጅ በቂ አልነበረም፣ ግን ጮክ ብሎ ከተነበበ አንድ መጽሐፍ ለአስር ይደርሳል። ንባቡ የሚደናቀፍበት ልጅ መጀመሪያ ያፍራል። ሆኖም ታሪኩ ልብ የሰቀለበት ቦታ ላይ ተራው ሲደርስ ማፈሩን ይረሳል፤ ጓደኞቹ «ቀጥል፣ ቀጥል!» እያሉ ስለሚጮኹበት። በሁለት ወር ውስጥ በሩን ሳልዘጋ ማስተማር አልቻልኩም፤ ከሌላ ክፍል በመስኮት የሚሰሙ ነበሩ።

እናቶችና አባቶች፣ እናንተ ዘንድ ደግሞ ቡናው አለ። አቦሉ ወርዶ ቶናው እስኪደርስ ያለው ጊዜ አንድ ምዕራፍ ያስነብባል። ልጃችሁን «አንብቢልን» በሏት። ድምፅ ያለው ንባብ እናንተም የምታውቁት ነው። ምን ታንብብ? የምትወደውን። ፍቅር ከሆነም ፍቅር። በሰው ፊት ጮክ ብሎ የሚነበብ ፍቅር ብርድ ልብስ ውስጥ ከሚነበበው ያነሰ ያሳስባል፤ በዚህ ደግሞ ከእኔ ጋር ትስማማላችሁ ብዬ አስባለሁ።

[ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል]

አሁን ወደ ልጃችን ጥያቄ እመለሳለሁ። እህቴ፣ ሰብለ መንገድ ከጀመረች በኋላ ምን እንደሆነች አልነግርሽም። ርዕሱ ራሱ ገና ከመጀመሪያው ትንሽ ነግሮሻል፣ ያንን ግን ደራሲው ይጠየቁበት።

በምትኩ ይህን አደርጋለሁ። ጎጃም ውስጥ የምትሰሙን፣ በተለይ በደብረ ማርቆስ መስመር ያላችሁ፣ ሙሉ የሆነ፣ አይጥ ያልደረሰበት ፍቅር እስከ መቃብር ያላችሁ ሰዎች፣ በዝግጅቱ መጨረሻ በምናነበው ቁጥር ደውሉልን። ለአንድ ወር አውሱን፤ ለልጅቷ እንዲደርስ እኛ እናደርጋለን፣ ሲያልቅም መልሳ ትልካለች። ሌሎቻችሁ ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ታሪኩን የምታውቁ ብዙ ናችሁ፤ እጃችሁም ስልኩ ላይ እንደሚያሳክካችሁ ይታየኛል። እባካችሁ መጨረሻውን በመልእክት እንዳትልኩላት።